ከሪጅስትራር እስከ ሪጅስትራር

ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አመለከትኩ። ሦስተኛ ጊዜ የሆነው ፈተና ወድቄ ወይም ውጤት አንሶኝ አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ ትራንስክሪፕቴ ሳይደርስ ቀኑ አለፈ። በሁለተኛው ጊዜ የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ዘገየ። ዘንድሮ ሁሉም ተሟላ ብዬ እፎይ ባልኩ ማግሥት የልደት ዘመኔ በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ደክሞኛል። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ድካም ብቻ ብዬ አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሪጅስትራር መስኮት ፊት የማገኛቸው ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ስለሆነ ነው። ነርሷም፣ መምህሩም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ቃላቸው አንድ ነው፦ «መማሩስ አይከብድም፤ ልማር ብሎ መጠየቁ ነው የገደለን።»

የግብርና ባለሙያ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ በዓመቱ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ወረዳ ሥራ ያዝኩ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የታየው እዚያው እኛ አካባቢ፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ እኔ የምሠራበት ወረዳ ደረሰ። የበቆሎውን ጥቅል ቅጠል ፈልቀቅ ስናደርገው እንደ ሰጋቱራ ያለ ኩስ ሞልቶታል፤ ትሉ ከሥሩ ተጋድሟል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ልጄ፣ ይሄ የምናውቀው ተምች አይደለም። የምናውቀው መጥቶ፣ ጠርጎ ይሄዳል። ይሄ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ምን ይሻለናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ስማር ይህ ትል ገና አፍሪካ አልገባም ነበርና ማንም አላስተማረኝም። ገበሬው ከነልጆቹ ትሉን በእጁ እየለቀመ ሲጨፈልቅ አብሬው ለቀምኩ። በሰብል ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ መማር አለብኝ ብዬ የወሰንኩት እዚያ ማሳ ላይ ነው። ለማዕረግ አይደለም፤ ለደመወዝ ጭማሪም አይደለም። ለእኚያ ሰው የምመልሰው መልስ ፈልጌ ነው።

እንግዲህ ይህን ፍላጎት ይዞ የሚነሳ ሰው የሚገጥመውን ልንገራችሁ።

ማስታወቂያው የሚወጣው ክረምት ላይ፣ እኛ ማሳ ለማሳ ስንዞር በምንውልበት ሰሞን ነው። የሚለቀቀው በቴሌግራም ወይም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ነው። እኔ የምሠራበት ቀበሌ ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያውን ሳየው ከማመልከቻው ጊዜ አራትና አምስት ቀን አልፏል። የተሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አሥር ቀን፣ ሲበዛ ሁለት ሳምንት ነው። የሚጠየቀው ደግሞ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (ለባለቤቱ የሚሰጥ የውጤት ግልባጭ)፣ በታሸገ ፖስታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤት የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ፣ የመግቢያ ፈተና ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የማመልከቻ ክፍያ ደረሰኝ ነው። በግል ኮሌጅ የተማረው ጓደኛዬ በዚህ ላይ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይጨመርበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በወር የማያልቁ መሆናቸውን ማስታወቂያውን የሚያወጣው ክፍል አሳምሮ ያውቃል። ለዚህም ነው ቀኑ በየጊዜው የሚራዘመው። መራዘሙ የሚነገረው ግን በመጨረሻው ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ተበድሮ ተሳፍሯል፣ ፈቃድ ጨርሷል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ትቶታል።

ከሁሉ የሚያደክመው ትራንስክሪፕቱ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በባለቤቱ እጅ አይሄድም፤ ከሪጅስትራር ወደ ሪጅስትራር ይላካል። ምክንያቱ ይገባኛል። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠሩ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ እንዳሉ የማናውቅ አይደለንም፤ በላቡ የተማረ ሰው ከማንም በላይ የሚጎዳው በነሱ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ይጣራ፣ ይታሸግ፣ ማህተም ይደረግበት። እሺ። ነገር ግን ከእጄ እንዳይገባ የተከለከለውን ወረቀት ለማስላክ እኔው በአካል መቅረብ አለብኝ። በስልክ አይሆንም፣ በኢሜይል አይሆንም። ሰው ከላክሁም ውክልና መስጠት አለብኝ፤ ለውክልናውም ሌላ ጉዞ አለበት። ወረቀቱን አትያዝ የተባለው ሰው የወረቀቱ ተላላኪ ሆኖ ይከርማል።

እኔ ካለሁበት የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ጅማ አድሮ መቀጠል አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ደርሼ መስኮቱ ላይ ስቆም የተባልኩት «የወጪ መጋራት ክሊራንስ አለህ?» ነው። እኛ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተማርነው ኮስት ሼሪንግ ፈርመን ነው፤ የምግቡንና የማደሪያውን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ሥራ ስንይዝ ልንከፍል። ፈርሜያለሁ፣ አልካድኩም። ከተቀጠርኩበት ወር ጀምሮ ከደመወዜ አሥር በመቶ ሲቆረጥ ኖሯል። የሚቆርጠው የመንግሥት ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚቀበለው የመንግሥት ገቢ ሰብሳቢ ነው፤ ያበደረኝም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስቱም አንዱ የሌላውን መዝገብ አያይም። የከፈልኩት እኔ ሳለሁ፣ መክፈሌን ከአንዱ ወስጄ ለሌላው የማስረዳውም እኔ ነኝ። ወደ ወረዳዬ ተመለስኩ። የደመወዝ መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ ተዛውሯል፤ የአዲሱ ኮምፒዩተር የቆየውን አላካተተም። የሰባት ዓመት ፔሮል ከመጋዘን ወጥቶ ወር በወር ተደመረ። ከዚያ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ገቢዎች፣ ከገቢዎች ሸኚ ደብዳቤ ይዤ እንደገና በጅማ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲው።

በሁለተኛው ጉዞ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ነገ ና። በማግሥቱ ሲስተሙ መጣ፤ ማህተሙን የያዘችው ሠራተኛ ስብሰባ ገብታለች። ከሰዓት ወጣች፤ የሚፈርመው ኃላፊ ፈቃድ ላይ ነው፣ ወካይ የለውም። በሦስተኛው ቀን የአገልግሎት ክፍያውን ባንክ ከፍለህ ደረሰኙን አምጣ ተባልኩ፤ ስመለስ ሰልፉ እንደ አዲስ ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ ልጅ ያዘለች ነርስ ከጎኔ ነበረች። ከሌላ ክልል መጥታ አምስተኛ ቀኗ ነው። ያረፈችበት አልጋ ቤት ገንዘቧን ስለጨረሰባት ሌሊቱን የምታሳልፈው በማታውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። «እኔስ ጠንካራ ነኝ፤ ይቺ ምን አደረገች?» ብላ ሕፃኗን ስታሳየኝ የምለው ጠፋኝ። በዘመነ መሳፍንት ሰው ጌታ ደጅ ይጠና ነበር ይባላል። ዛሬም ደጅ የምንጠናው የገዛ ውጤታችንን፣ አራት ዓመት እንቅልፍ አጥተን ያመጣነውን ቁጥር ለማስላክ ነው።

በመጨረሻ ተላከ። ፖስታው መላኩን እንጂ መድረሱን የሚነግረኝ ግን የለም። የላከው ክፍል ስልክ አንስቶ «ወንድሜ፣ እኛ ልከናል» ይላል። የሚቀበለው ክፍል «አልደረሰንም፤ ላኪዎቹን ጠይቅ» ይላል። ሁለቱ ሪጅስትራሮች ስልክ አላቸው፣ ኢሜይል አላቸው፤ እርስ በርስ ግን አይጠያየቁም፤ እኔን ያመላልሱኛል። ማመልከቻው ከተዘጋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታዬ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ሌላ ፋይል ሥር ተገኘ። «ቀድመህ ብትጠይቅ ኖሮ» አሉኝ። በየቀኑ ጠይቄ ነበር። ያ ዓመት እንዲህ ተቃጠለ።

ለሁለት ዩኒቨርሲቲ ካመለከትክ ይህ ሁሉ እጥፍ ነው፤ ሁለት ፖስታ፣ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ጥበቃ። አምና ያስላክሁት ለዘንድሮ አያገለግልም፤ አዲስ መላክ አለበት። ውጤቴ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ነጥብ አልጨመረም፣ አንድ ነጥብ አልቀነሰም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ የተሻሻለ ነገር ልናገር። ቀድሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ስለነበር ሁለት ቦታ ያመለከተ ሰው ሁለት ከተማ ሄዶ ይፈተን ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2016 የትምህርት ዘመን መግቢያ ጀምሮ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ። አሁን ቅርብ ባለው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን አንዱን ፈተና እንፈተናለን። ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ያሰቡት ሰዎች ይመስገኑ። ግን ይኸው ዕረፍት ሌላ ጥያቄ ያስነሳብኛል። የፈተና ውጤቴ ከአንድ ማዕከል ወጥቶ የትም ዩኒቨርሲቲ መታየት ከቻለ፣ ትራንስክሪፕቴ ለምን አይችልም? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ምርጫዬን ሞላሁ፣ ምደባዬ ወጣ፣ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ፤ የታሸገ ፖስታ ያስያዘኝ አልነበረም። በአሥራ ስምንት ዓመቴ መንግሥት ውጤቴን ያውቅ ነበር። ዲግሪ ይዤ፣ ለራሱ ለመንግሥት አሥር ዓመት ሠርቼ ስመጣ ግን ማን እንደሆንኩ እንደ እንግዳ ይጠይቀኛል።

መላክ የማይቻል ሆኖ አይደለም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገናኙበት ኢተርኔት የሚባል የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ። ለብሔራዊ የመግቢያ ፈተናውም የምንመዘገበው በዚሁ በኩል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲጀመር ተቋማቱ ጥቂት፣ ተማሪውም ጥቂት ነበር። አንዱ ሪጅስትራር ሌላውን በስም ያውቀው ስለነበር የታሸገ ፖስታ በቂ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ተቋማቱ ሲበዙ የወረቀቱ መንገድ ግን እንደ ድሮው ቀረ፤ ጭነቱን የተሸከመው አመልካቹ ነው።

ሁለተኛው ዓመቴ የተቃጠለው በስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አመልካች መሥሪያ ቤቱ እንደሚለቀው የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጣ ይላል ዩኒቨርሲቲው። መሥሪያ ቤት ስሄድ «መጀመሪያ ተቀባይነት ማግኘትህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ፤ ያለዚያ በምን መነሻ እንጽፍልሃለን?» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ያለ ስፖንሰር አይቀበልም፤ መሥሪያ ቤቱ ያለ ቅበላ ስፖንሰር አይሆንም። እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱን አያለሁ። የትምህርት ዕድል ኮሚቴ ይየው ተባለ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሩብ ዓመቱ ነው። ተሰብስቦ ሲፈቅድ ደግሞ «ሲመለስ ሁለት እጥፍ ያገለግላል» የሚል የግዴታ ፎርም አስፈረመኝ፤ ዋስም ጠየቀኝ። ዋስ የሚሆን ባለደመወዝ ፍለጋ ሌላ ሳምንት ሄደ። ደብዳቤው ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት እጄ ሲገባ ዩኒቨርሲቲው ክፍል ጀምሯል። በዚያ ኮሚቴ ላይ ሊጎዳኝ ያሰበ ሰው አልነበረም። አብረውኝ ቡና የሚጠጡ፣ ማሳ አብረን የምንወርድ ሰዎች ናቸው። ደንቡ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት አስቁሞ ማን ይቅደም የሚለውን ስላልነገራቸው ብቻ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤው ሌላ ሸክም ነው። ካስተማሩኝ መምህራን ሁለቱ ይጻፉልኝ ይባላል። ከተመረቅሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። አንዱ መምህሬ ውጭ አገር ሄደው ቀርተዋል። አንዱ አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። አማካሪዬ የነበሩት ጡረታ ወጥተው የዩኒቨርሲቲው ኢሜይላቸው ተዘግቷል፤ ቅጹ ደግሞ የግል ኢሜይል አይቀበልም። የቀሩት በአንድ ክፍል መቶ ሰው ያስተምሩ ስለነበር አያስታውሱኝም፣ አልፈርድባቸውም። አንዱ በትሕትና «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» አሉኝ። ይህ ለብዙዎቻችን የተለመደ ሆኗል። ራሴን ታታሪ፣ ታማኝ፣ በምርምር የተካነ ብዬ በሌላ ሰው አንደበት ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ስለ አመልካቹ ምንም አይነግርም፤ አንባቢውም መምህር ስለሆነ ይህን ያውቃል። አሥር ዓመት ማሳ ላይ አብሮኝ የዋለው የሥራ ኃላፊዬ፣ ወይም እኚያ ሽማግሌ ገበሬ ስለ እኔ የሚናገሩት ብዙ ነበር። የጠየቃቸው ግን የለም።

ዘንድሮ ደግሞ የልደት ዘመኔ ነው። የተወለድኩት ጥቅምት 1984 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1991 ማለት ነው። ትራንስክሪፕቱን ያዘጋጀው ሰው ወር ሳያይ ስምንት ደምሮ 1992 ብሎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚደመር ማንኛውም ሪጅስትራር ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ግን ስህተቱ የነሱ ሆኖ ማረሚያው የእኔ ሆነ። የልደት ሰርተፊኬት አምጣ፣ ከወረዳ ማረጋገጫ አምጣ፣ አመልክት፣ ቦርድ ይወስን። ስሙም እንዲሁ ነው። የአያቴ ስም በ«ቀ» ፊደል ይጀምራል። በላቲን ሲጻፍ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ በኬ፣ ዲግሪዬ ላይ በኪው ሆኗል። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በእንግሊዝኛ ሁለት ሰው ሆነ። ይህን ሲያዩ «ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ከፍርድ ቤት አስወስን» ይላሉ። ከመታወቂያ እስከ ዲግሪ ድረስ እነዚህን ስሞች የጻፍናቸው እኛ አይደለንም፤ ጸሐፊዎቹ እንደ መሰላቸው ጻፏቸው። ቅጣቱ ግን እኛ ላይ ወደቀ።

የእኔ ችግር ከሌላው ሰው ጋር ሲተያይ ቀላል መሆኑንም አውቃለሁ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ማስታወቂያው በኢንተርኔት፣ ምዝገባው በኢንተርኔት፣ ክፍያው በስልክ በሆነበት ዘመን እዚያ ያለ ሰው በምን ያመልክት? በትግራይ ጦርነቱ ከጀመረበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ስልኩም፣ ባንኩም፣ መንገዱም ተዘግቶ ሰው የገዛ ሰነዱ ያለበትን ቢሮ ሳያይ ዓመታት አለፉ። የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ተዘርፈው ተጎድተዋል። የሰው የዕድሜ ልክ ውጤት በአንድ ቢሮ በአንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሲቀመጥ ምን እንደሚያሰጋ ከዚህ በላይ የሚያስተምረን አያስፈልግም ነበር። ሆኖም ማስታወቂያው ዛሬም «ኦሪጅናሉን ይዞ በአካል የማይቀርብ አመልካች አይስተናገድም» ይላል።

ውጭ አገር የሚያመለክቱትም አልተረፉም። የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ከራሱ ኢሜይል በቀጥታ ትራንስክሪፕቱን እንዲልክ ይጠየቃሉ፤ ሪጅስትራሩ ግን የሚልከው በወረቀት ነው። የማመልከቻና የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ደመወዝ የሚኖር ወጣት ያጠራቀመው በአንድ ሰሞን ግማሽ ሆነበት። ስለነሱ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይኖራል፤ እኔ የማውቀው የአገር ውስጡን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። የተቀባዮች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በቴሌግራም ይለቀቃል። ስምህን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ትፈልጋለህ። የለም። ለምን እንደሌለ የሚነግርህ የለም። ሰነድ ጎድሎ ይሁን፣ ውጤት አንሶ ይሁን፣ ቦታ ሞልቶ ይሁን፣ ፖስታው ሳይከፈት ቀርቶ ይሁን አታውቅም። የማመልከቻ ክፍያው አይመለስም። አንድ መስመር ብቻ፣ «ሰነድህ አልተሟላም» ወይም «ተወዳድረህ አላለፍክም» የምትል መስመር ብትጻፍልን የሚመጣውን ዓመት በምን እንደምናሳልፈው እናውቅ ነበር። ወድቀሃል መባል ያማል፤ ግን ሰው ይሸከመዋል። ጨርሶ አለመባል ነው ሰውን የሚሰብረው። እኔ የማውቃቸው ሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች ከሁለተኛው ሙከራቸው በኋላ ተዉት። ሰነፎች አይደሉም። ከእኔ የተሻሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የግል እሮሮ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው። እስቲ አስቡት፤ በዚህ ወንፊት የሚያልፈው ማን ነው? አዲስ አበባ የሚኖር፣ ዘመድ ቤት የሚያድር፣ መስኮቱ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያውቅ፣ አለቃው የሚያዝንለት፣ ለአምስት ጉዞ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ነው። የሚቀረውስ? ወረዳ ላይ ያለው፣ ልጅ የያዘችው፣ በየወሩ ለእናቱ የሚልከው፣ ደፍሮ የማይለምነው ነው። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም፤ ውጤቱ ግን እንዲህ ነው። ከዚያ ደግሞ ወረዳው ባለሙያ የለውም ብለን እናዝናለን። ባለሙያው ከወረዳ ተነስቶ ሪጅስትራር ደጅ ላይ ነው የቀረው።

ተምቹ ደግሞ ሪጅስትራርን አይጠብቅም። የተምቹ እናት የእሳት ራት ነፋስ ካገዛት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ገበሬዎቻችን ይህን ከኔ ቀድመው በማሳቸው አይተውታል። በእነዚህ ሦስት ሙከራዎቼ መካከል ስንት የበቆሎ ዘመን እንዳለፈ እኔ ስለማውቅ ነው የምቆጣው። ሰው እንዳይማር የሚያዘገየው ወረቀት ገበሬውንም ያዘገያል፣ በሽተኛውንም ያዘገያል፣ ተማሪውንም ያዘገያል።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፈተናውን እንዳገናኘው ትራንስክሪፕቱንም ያገናኘው፤ አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ውጤት ዳግም በፖስታ አይሂድ። የወጪ መጋራት ክፍያ ከደመወዝ ሲቆረጥ ለዩኒቨርሲቲው ወዲያው ይታወቅ፤ የከፈለ ሰው ለመክፈሉ ምስክር ፍለጋ አይንከራተት። ዩኒቨርሲቲዎች ቅድመ ቅበላ ይስጡና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ይጠይቁ። የማመልከቻው ጊዜ በየዓመቱ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከሁለት ወር አይነስ። ሰነዱን የጻፈው ክፍል ስህተቱን ራሱ ያርም። ላልተቀበላችሁት ሰውም ምክንያቱን አንድ መስመር ጻፉለት።

እናንተ መስኮቱ ውስጥ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ደመወዛችሁ ትንሽ፣ ሰልፋችሁ ረጅም፣ ኮምፒዩተራችሁ አሮጌ መሆኑን አይቻለሁ። ከመካከላችሁ በምሳ ሰዓቱ ተቀምጦ ፋይሌን የፈለገልኝ አለ፤ ውለታውን አልረሳም። ግን የአንድ ደግ ሰው ምሳ ሰዓት አሠራር ሊሆን አይችልም። «ነገ ና» ከማለታችሁ በፊት ያ ሰው ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ከሆነ ዛሬ ጨርሱለት።